በሽተኛ በቤቱ ሆኖ ራሱን ስለሚለካባቸው መሣሪያዎች

ሰንጋ ተራ ስሙን ያገኘው፣ ቃሉ ራሱ እንደሚመሰክረው፣ ከሰንጋ ገበያ ነው። በሬ የሚገዛ ሰው ደግሞ የቆመ ከብት አይቶ ዋጋ አይቈርጥም፤ «እስቲ አስኪደው» ይላል። ከብቱ ጥቂት ሲራመድ ገዥው ዐይኑን ከኮቴው ሳይነቅል ያነክስ እንደ ሆነ፣ ክብደቱንም ከአንዱ እግር ወደ ሌላው ይሸሽ እንደ ሆነ ይመረምራል። ዛሬ በሠፈሩ የከብት ኮቴ አይሰማም። በ1935 ዓ.ም. የተቋቋመው የንግድ ሥራ ትምህርት ቤት ለብዙ ዘመን የሠፈሩ ምልክት ሆኖ ከኖረ በኋላ፣ አሁን በዙሪያው የባንክና የኢንሹራንስ ሕንጻዎች ተሰልፈዋል፤ በ2014 ዓ.ም. የተመረቀው የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤትም 209 ሜትር ወደ ላይ ወጥቶ ይታያል።

ይሁን እንጂ የዚያ ከብት ገዥ ዐይን ዛሬም በጣም የሚያስፈልገው አንድ ዓይነት ሰው በየሠፈሩ አለ። ይኸውም ከሐኪም ቤት ወደ ቤቱ ተመልሶ የደከመ እጁን ወይም የተሰበረ እግሩን እንደ ገና ሥራ ለማስተማር የሚታገለው በሽተኛ ነው። ይህ ሰው ይራመዳል፤ እርምጃውን ግን አይቶ የሚፈርድለት የለም።

የዓለም ጤና ድርጅት ከታወቀ የሕክምና መጽሔት ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው ግምት፣ የአካል ተሐድሶ ሕክምና ቢያገኙ ሊጠቀሙ የሚችሉ ሰዎች በዓለም ላይ ወደ 2.4 ቢሊዮን ይደርሳሉ። ከሦስት ሰው አንዱ ማለት ነው። ይህን ያህል ሕዝብ በየሐኪም ቤቱ ደጃፍ ሊሰለፍ ስለማይችል፣ የተሐድሶው ሥራ የሚበዛው በቤት ውስጥ ነው። በሽተኛው በቤቱ ሳለ የሚሠራውን የሚቈጥሩና የሚመዝኑ መሣሪያዎችም ከዚሁ የተነሣ በውጭ አገር ራሱን የቻለ የንግድ ዘርፍ ሆነዋል። ወደ አገራችን ገበያ መግባታቸው የማይቀር ነውና፣ አስመጪውም ሆነ ባለ ሱቁ የትኛው መሣሪያ ሥራ እንደሚሠራ፣ የትኛውም ከሣጥኑ ወጥቶ ተመልሶ ወደ ሣጥኑ እንደሚገባ አስቀድሞ ቢለይ ይበጀዋል።

ነገሩ እንዲገለጥ አንድ ምሳሌ እንውሰድ። በሰንጋ ተራ ሱቅ ያለው የ58 ዓመት ሰው በስትሮክ ተመቶ ቀኝ እጁና ቀኝ እግሩ ደከሙበት እንበል። ለነጋዴ ቀኝ እጅ ማለት ሚዛን የሚይዝበት፣ ብር የሚቈጥርበት፣ ደረሰኝ የሚጽፍበት ነው። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያው አሳይቶት፣ «ክንድን ወደ ፊት ማንሣት፣ 20 ጊዜ፣ በቀን 3 ጊዜ» የሚል ወረቀት ሰጥቶ፣ ከአንድ ወር በኋላ እንዲመለስ ነግሮት አሰናበተው። ሱቁን ልጁ ያዘችለት።

ማታ ሱቁን ዘግታ ስትገባ፣ «አባባ፣ የዛሬውን ሠሩ?» ትለዋለች።

«ሠርቻለሁ፣ ልጄ» ይላል።

ሰውየው አልዋሸም። ነገር ግን ከ20ው ውስጥ በክንዱ ያነሣው የመጀመሪያዎቹን ጥቂቶች ብቻ ሊሆን ይችላል። ክንዱ ሲደክም ትከሻውን ወደ ጆሮው እየሰቀለ፣ ደረቱንም ወደ ኋላ እየጣለ እጁን ከፍ አድርጎታል። እጁ ስለ ተነሣ ለእርሱ ልክ ነው፤ ለባለሙያው ግን ይህ የታመመውን ጡንቻ አስቀርቶ ጤነኛውን ማሠራት ነው። በወሩ መጨረሻ ሐኪም ቤት ሲመለስ ለምን እንዳልተሻለው እርሱም ባለሙያውም ሊያውቁ አይችሉም። ቤት ውስጥ የሚሠራ መሣሪያ ሊመልሳቸው የሚገቡ ጥያቄዎች እንግዲህ፣ ስንት ጊዜ ሠራሁ? በትክክል ሠራሁ? ካለፈው ሳምንት ዛሬ ይሻላል? የሚሉት ናቸው። ከሦስቱም አስቸጋሪው መካከለኛው ነው።

ቀስትና ዒላማ

ከኢትዮጵያውያን በሽተኞች ሁሉ ይልቅ በዓለም የታወቀውን እዚህ ላይ ማስታወስ ተገቢ ነው። ሻምበል አበበ ቢቂላ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በሮም በባዶ እግሩ፣ ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. ደግሞ በቶኪዮ ማራቶንን አሸንፎ ነበር። የቶኪዮውን ያሸነፈው የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ከተደረገለት 40 ቀን እንኳ ሳይሞላው ነው። መጋቢት 13 ቀን 1961 ዓ.ም. ግን የሚነዳት መኪና ተገልብጣ የአከርካሪ አጥንቱ ተጎዳ፤ ወደ እንግሊዝ አገር ስቶክ ማንደቪል ወደተባለው ሐኪም ቤት ተወስዶም 8 ወር ያህል ታከመ። ሲደርስ እጆቹ እንኳ አይታዘዙለትም ነበር፤ ሲመለስ እጆቹ ድነው፣ እግሮቹ ግን ሳይመለሱለት በተሽከርካሪ ወንበር ሆኖ መጣ።

በዚያ ሐኪም ቤት የአከርካሪ ሕሙማንን ክፍል እ.ኤ.አ. በ1944 ያቋቋሙት ዶክተር ሉድቪግ ጉትማን ነበሩ። ሐምሌ 22 ቀን 1940 ዓ.ም. የለንደን ኦሊምፒክ በተከፈተበት ዕለት፣ 16 የቆሰሉ ወታደሮችና ሴቶች የጦር ባልደረቦች በሐኪም ቤቱ ሜዳ ላይ የቀስት ውድድር እንዲያደርጉ አሰለፏቸው፤ የዛሬው ፓራሊምፒክ ዘሩ ይኸው ነው። ቀስት መሳብ ትከሻንና ጀርባን እንደሚያጠነክር ሐኪሞች ያውቃሉ። ነገር ግን ለተያዘው ጉዳይ የሚጠቅመው ሌላው ጠባዩ ነው። ቀስተኛው ፍላጻውን በለቀቀ በቅጽበት ውጤቱን በገዛ ዐይኑ ያያል፤ ማንም እንዲተረጕምለት አያስፈልገውም። ክንዱ ከተንቀጠቀጠ ፍላጻው ዝቅ ይላል፤ ሰውነቱ ከተጋደመ ወደ ጎን ይሄዳል። ትናንት ከዒላማው ጠርዝ ያረፈው ዛሬ ወደ መካከሉ ከቀረበ፣ ተሻሽሏል ማለት ነው። ሻምበል አበበም በ1962 ዓ.ም. በስቶክ ማንደቪል ጨዋታዎች በቀስትና በጠረጴዛ ቴኒስ ተወዳደረ፤ በ1963 ዓ.ም. ደግሞ በኖርዌይ በበረዶ ላይ ተንሸራታች የ25 ኪሎ ሜትር ውድድር አሸነፈ። ያረፈው ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. ነው።

ዛሬ መሐንዲሶች በብዙ ገንዘብና ድካም ሊሠሩት የሚፈልጉት መሣሪያ ከዚያ ዒላማ የተለየ አይደለም። ወዲያው መልስ የሚሰጥ፣ ለባለቤቱ የሚነበብ፣ የተሳሳተውን እንቅስቃሴ ከትክክለኛው የሚለይ ሊሆን ይገባዋል። ከእነዚህ አንዱ የጐደለው መሣሪያ መብራቱ ቢያምርም ጥቅሙ ጥቂት ነው።

የ10 ሺሕ እርምጃ ነገር

ሻምበል አበበ በቶኪዮ ባሸነፈ በዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1965፣ ያማሳ የተባለው የጃፓን የሰዓትና የመለኪያ ሠሪ ድርጅት በወገብ ላይ የሚታሰር የእርምጃ መቍጠሪያ ለገበያ አወጣ። ከኦሊምፒኩ ወዲህ ሕዝቡ ለስፖርት የነበረው ፍቅር ገበያውን አሙቆለት ነበር። ስሙን «ማንፖ ኬይ» አለው፤ ትርጓሜውም «የ10 ሺሕ እርምጃ መለኪያ» ማለት ነው። ቍጥሩ ለጆሮ የሚጥም ክብ ቍጥር ስለ ነበር ከዕቃው ስም ተነሥቶ ወደ ሰዎች አፍ ገባ፤ ከዓመታት በኋላም የጤና ሕግ ይመስል በመላው ዓለም ተሠራጨ። እ.ኤ.አ. በ2019 በአሜሪካ አገር አማካይ ዕድሜያቸው 72 ዓመት በሆነ 16,741 ሴቶች ላይ የተደረገ ጥናት ሲወጣ ግን፣ በቀን 4,400 ያህል እርምጃ የሚራመዱት 2,700 ያህል ከሚራመዱት ይልቅ የመሞት አደጋቸው አነስተኛ እንደ ነበር፣ ጥቅሙም ወደ 7,500 ሲደርስ መጨመሩን እንዳቆመ ታየ።

ለነጋዴ የሚሆን ትምህርት እዚህ ላይ አለ። በአንድ የሸቀጥ ስም ላይ የታተመ ቍጥር ከሐኪም ትእዛዝ ይልቅ ሊታመን ይችላል። ለጤነኛ ሰው ይህ እምብዛም አይጎዳም። እግሩ ተሰብሮ ብረት የገባለት ሰው ግን፣ መሣሪያው «10 ሺሕ አልሞላህም» እያለ ቢገፋው ያልጠገገ አጥንቱን ሊጎዳው ይችላል። ስለዚህ ለተሐድሶ የሚውል መሣሪያ ግቡን ከፋብሪካ ይዞት ሊመጣ አይገባም፤ ባለሙያው ለእያንዳንዱ በሽተኛ የሚሞላበት ባዶ ስፍራ ሊኖረው ያስፈልጋል።

የመሣሪያው አሠራር እንደሚባለው ምስጢር አይደለም። በእጅ ስልክና በእጅ አንጓ ላይ በሚታሰረው ሰዓት ውስጥ ያለው ሴንሰር ከሲሊኮን የተቀረፀ፣ በቀጫጭን ሞላዎች የተንጠለጠለ፣ በዐይን የማይለይ ትንሽ ክብደት ነው። አካል ሲንቀሳቀስ ክብደቱ ወደ ኋላ ይቀራል፤ ያ መቅረቱ በኤሌክትሪክ ይለካል። ሰውነት ዝም ሲል ደግሞ ይኸው ክብደት በመሬት ስበት ወደ ታች ስለሚሳብ፣ ሴንሰሩ ምን ያህል እንደ ተጋደመ ያውቃል። አንዱን ከጕልበት በላይ፣ ሁለተኛውን ከጕልበት በታች ቢያስሩ የሁለቱ ልዩነት የጕልበቱን መታጠፍ በዲግሪ ይሰጣል። ከላይ ለተጠቀሰው ባለ ሱቅም አንዱን በክንዱ፣ ሌላውን በደረቱ ላይ ቢያደርጉለት፣ ክንዱ ሲነሣ ደረቱ ወደ ኋላ መጋደሙ ይታወቃል፤ መሣሪያውም ያችን እንቅስቃሴ ሳይቈጥር ይተዋታል። በክንድ ላይ ብቻ የሚታሰረው ርካሹ መሣሪያ ግን ሁሉንም ይቈጥርና 20 ብሎ ያመሰግነዋል። በዋጋ ዝርዝር ላይ ሁለቱ መሣሪያዎች ሊመሳሰሉ ይችላሉ። ልዩነቱ የሚታየው በበሽተኛው ክንድ ላይ ነው።

ስትሮክ ያገኛቸውን ሰዎች በሚመለከት ሌላ የተደረሰበት ነገር አለ። ኤድዋርድ ታውብ የተባሉት አሜሪካዊ ሊቅ እንዳስረዱት፣ በሽተኛው በደከመው እጁ ደጋግሞ ሞክሮ ሲያቅተው፣ እጁ ትንሽ ኀይል ካገኘ በኋላ እንኳ አለመጠቀምን ይለምዳል። እርሳቸውና ባልደረቦቻቸው በሁለቱም የእጅ አንጓዎች ላይ ሴንሰር አስረው፣ በሐኪም ፊት ሳይሆን በዕለት ኑሮው የታመመው እጅ ከጤነኛው ጋር ሲነጻጸር ስንት እንደሚሠራ መዘኑ። በሐኪም ፊት ኩባያ የሚያነሣ እጅ በቤቱ ቀኑን ሙሉ በጭን ላይ ተቀምጦ ሊውል ይችላል። ጤነኛው እጅ የታመመው መለኪያ ሆነ ማለት ነው።

መሣሪያው የሚገባበት ቤት

በአውሮፓና በሩቅ ምሥራቅ የሚሠሩት መሣሪያዎች ለዚያ አገር ቤት የተቈረጡ ልብሶች ናቸው። ጕልበቱ የታከመ ሰው በወንበር ለመቀመጥ ጕልበቱ 90 ዲግሪ ያህል ቢታጠፍለት ይበቃዋል፤ በብዙ መሣሪያዎችም የግቡ መብራት የሚበራው በዚያ አካባቢ ነው። እኛ ዘንድ ግን ቡና የሚፈላው በዝቅተኛ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ነው፤ በብዙ ግቢ መጸዳጃውም ቁጢጥ የሚባልበት ነው። ይህ ከ110 ዲግሪ በላይ መታጠፍ ይጠይቃል። መሣሪያው «ጨርሰሃል» ያለው ሰው በገዛ ቤቱ በርጩማ ላይ መቀመጥ ካልቻለ ምኑን ጨረሰው?

ሰዓቱም እንዲሁ ነው። ባለሙያው «2 ሰዓት ላይ» ብሎ ሲጽፍ ጠዋት ማለቱ ነው። ይህ ቍጥር በውጭ አገር አቈጣጠር በሚሄድ መሣሪያ ላይ እንዳለ ከተሞላ፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ጮኾ ቤተ ሰቡን ሁሉ ይቀሰቅሳል። በማግስቱ መሣሪያው ድምፁ ይዘጋል፤ ከዚያም ይረሳል። መብራት በሚጠፋበት ሠፈር ደግሞ በየማታው ኀይል የሚሞላ ዕቃ ከሰዓት ባትሪ ለወራት ከሚሠራው ያነሰ ዋጋ ሊሰጠው ይገባል። የኮንዶሚኒየም ነዋሪም አሳንሰሩ ቆሞ ደረጃ የወጣበትን ቀን መሣሪያው ለይቶ ቢያውቅለት፣ ያ ቀን ከሐኪም ቤት ልምምድ ሁሉ ይበልጥ ብዙ ይናገራል።

የፊደልም ጥያቄ አለ። የቋንቋ ችሎታ በአብዛኛው ሰው የሚገኘው በግራው የአንጎል ክፍል ነው፤ የቀኝ እጅ መድከምም የሚመጣው ከዚያው ክፍል መጎዳት ነው። ስለዚህ ቀኝ እጁ የደከመበት ሰው ማንበብና መናገርም ሊያስቸግሩት ይችላሉ። ለእንዲህ ያለው በሽተኛ ረጅም ጽሑፍ፣ በአማርኛም ቢሆን፣ አይጠቅመውም፤ አንድ ትልቅ ምልክትና አንድ ድምፅ ይሻለዋል። ጽሑፉ ያለበት ክፍል ለአስታማሚዋ መሆን አለበት፤ እርሷ ደግሞ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ ወይም በትግርኛ ልታነበው ትፈልጋለች።

በዚህ አገር የቤት ውስጥ ተሐድሶ አዲስ ነገር አይደለም፤ ወጌሻ ከጥንት ጀምሮ አለ። ስብራትን በቀርቀሃ አስሮ፣ በቅቤ አሽቶ ስንቱን አቁሟል። ዳሩ ግን እስሩ ሲጠብቅ ደም እየተከለከለ እጅ ወይም እግር የበሰበሰባቸው፣ በመጨረሻም የተቈረጠባቸው ሰዎች ብዙ መሆናቸውን የአገራችን የቀዶ ሕክምና ሐኪሞች ደጋግመው ጽፈዋል። የጣት ጫፍ ሲቀዘቅዝ፣ ሲደነዝዝ፣ ሲጠቍር ያን ጊዜውኑ እስሩን መፍታት የሚያድን ጥንቃቄ ነው፤ ምንም ባትሪ አይፈልግም። በጀሶም ሆነ በቀርቀሃ የታሰረ ሰው ሁሉ ይህን የጣት ምልክት በሥዕል የሚያሳይ ካርድ በእጁ ቢኖረው፣ የማተሚያ ቤቶቻችን ሥራ ነውና ከየትም አገር ማስመጣት አያስፈልግም።

ቀላሉን መሣሪያ ካነሣን ዘንድ፣ በየሱቁ የሚሸጠው የሰው ሚዛንም ከዚሁ ወገን ነው። እግሩ የተሰበረ ሰው «ለጊዜው 20 ኪሎ ብቻ አሳርፍበት» ሲባል፣ 20 ኪሎ ምን ያህል እንደሚሰማ በምን ያውቀዋል? ባለሙያዎች የታመመውን እግር በሚዛን ላይ አስቀምጠው፣ መርፌው 20 ላይ እስኪደርስ እንዲጫንበት ያደርጉታል። ጥቂት ቀን ከደጋገመው እግሩ ልኩን ይለምዳል። ልምምድ ለመቍጠርም በብዙ ቤት ያለው መቍጠሪያ ይበቃል፤ አንድ እንቅስቃሴ፣ አንድ ፍሬ። ከክራንቹ ጋር ሚዛን አብሮ የሚሸጥ፣ አጠቃቀሙንም በአንድ ገጽ አማርኛ አትሞ የሚሰጥ ባለ ሱቅ በዚህ ሥራ ገብቷል ማለት ነው።

በአሳሳቢነቱ የተለየ አንድ ሁኔታ በሕፃናት ዘንድ አለ። እግሩ ቈልመም ብሎ የተወለደ ሕፃን ኢግናሲዮ ፖንሴቲ በተባሉት ሐኪም ዘዴ በጀሶ ከተቃና በኋላ፣ በብረት የተያያዘ ጫማ ለ3 ወር በቀን 23 ሰዓት፣ ከዚያም እስከ 4 ዓመቱ ሲተኛ ማድረግ አለበት። ጫማው ከቀረ እግሩ ተመልሶ ይጣመማል። በውጭ አገር ሙቀት የሚለይ ትንሽ ሴንሰር በጫማው ውስጥ ተደርጎ ሲታይ፣ ሕፃኑ ያጠለቀበት ሰዓት ወላጆቹ ከተናገሩት ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። ይህ መሣሪያ እንዴት መነገድ እንዳለበት ግን ጥንቃቄ ይጠይቃል። እናትን ለመክሰስ የመጣ ሰላይ ሆኖ ከቀረበ በማግስቱ አውጥታ ትጥለዋለች፤ የልጇን እግር የሚጠብቅ ሆኖ ከቀረበ ግን ሌሊት ተነሥታ ታየዋለች።

የአስመጪው ሒሳብ

እ.ኤ.አ. በኅዳር ወር 2010 ማይክሮሶፍት የተባለው ድርጅት «ኪኔክት» የሚባል፣ የሰውን እንቅስቃሴ በካሜራ የሚከታተል ዕቃ ለጨዋታ አወጣ። ዋጋው ከሐኪም ቤት መሣሪያ ጋር ሲነጻጸር እጅግ ርካሽ ስለ ነበረ፣ በብዙ አገር ያሉ ተመራማሪዎች የቤት ተሐድሶ ልምምዶችን በእርሱ ላይ ሠሩ። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ2017 ድርጅቱ ማምረቱን አቆመ። ዕቃው የተሠራው ለጨዋታ ገበያ ነበርና፣ የጨዋታ ገበያው ሲቀዘቅዝ በሽተኞቹን ማንም አላሰበም። የመለዋወጫ ክፍል ሦስት ዓመት ቈይቶ የማይገኝለትን የጭነት መኪና የገዛ ነጋዴ የዚህ ነገር ጣዕሙ ምን እንደሆነ ያውቀዋል። በአንድ ድርጅት ስልክና በአንድ ድርጅት ዳመና ላይ ብቻ የሚሠራ መሣሪያ ለማስመጣት ያሰበ ሰው፣ ድርጅቱ ቢተወው መሣሪያው ብቻውን መቍጠር ይችል እንደ ሆነ አስቀድሞ ይጠይቅ።

በጉምሩክ በኩል ዕቃው የሚመደብበት ቍጥር እንደ ሥራው ይለያያል። በዓለም አቀፉ የዕቃዎች አመዳደብ ተሽከርካሪ ወንበር በ8713፣ የሰውነት ማሠልጠኛ የሕክምና ዕቃዎች በ9019፣ ክራንችና ሰው ሠራሽ አካል በ9021 ይገኛሉ። የእርምጃ መቍጠሪያ ግን ከእነዚህ ጋር ሳይሆን በ9029፣ ከታክሲ ሒሳብ መቍጠሪያ ጎን ነው የተቀመጠው። ከስልክ ጋር የሚነጋገረው የእጅ ሰዓት ደግሞ በ8517፣ ከመገናኛ ዕቃዎች ጋር ይመደባል። አንድ ሣጥን ውስጥ ሦስት መደብ ሊገኝ ይችላልና፣ ትእዛዝ ከመጻፉ በፊት የዕቃውን መግለጫ ይዞ ጉምሩክን መጠየቅ ኋላ መጋዘን ውስጥ ከሚከፈል ኪራይ ይረክሳል።

በአዋጅ ቍጥር 1112/2011 መሠረት የሕክምና መሣሪያን የሚቈጣጠረው የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነው። እዚህ ላይ ወሳኙ በሣጥኑ ላይ የተጻፈው ቃል ነው። «ለስፖርተኛ» ተብሎ የሚሸጥ መቍጠሪያና «ለስትሮክ በሽተኛ» ተብሎ የሚሸጠው በውስጣቸው አንድ ሊሆኑ ይችላሉ፤ በሕግ ፊት ግን አንድ አይደሉም። አንዳንድ ሻጭ የመጀመሪያውን አስመጥቶ በቃል ሁለተኛውን ሲያደርገው ይታያል፤ ይህ ለራሱም ለገዥውም አይበጅም። ከዚህም ሌላ በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 1321 የጤና መረጃን በተለየ ጥንቃቄ ከሚያዙት መካከል አድርጎታል። የሰውየው እጅ ስንት ጊዜ እንደ ተነሣ የሚናገረው ቍጥር ወደ ሌላ አገር መዝገብ የሚሄድ ከሆነ፣ አስመጪው ይህን ማወቅ፣ ለገዥውም መንገር ይኖርበታል።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ሁሉ በብር ሲታይ እንደ ተወደደ ነጋዴው ከማንም ይልቅ ያውቃል። በዚህ ምክንያት የመሣሪያውን ትንሹን ክፍል ብቻ አስመጥቶ ቀሪውን እዚህ መሥራት ሊታሰብ የሚገባ ነው። ሴንሰሩና ባትሪው ከውጭ ይመጣሉ፤ ማሰሪያው፣ ሣጥኑ፣ ድምፁና ጽሑፉ ግን በአገር ቆዳ፣ በአገር ጨርቅና በአገር ልጅ ሊሠሩ ይችላሉ። የዚህ አካሄድ አብነት በተሐድሶ ዘርፍ ውስጥ ከዚህ በፊት ታይቷል። የዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል ኮሚቴ ለሰው ሠራሽ እግር ፖሊፕሮፒሊን የተባለውን ርካሽ ፕላስቲክ መጠቀም የጀመረው፣ እግሩ በየአገሩ በሚገኝ ሠራተኛ እንዲሠራና እንዲጠገን ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 ያቋቋመው ለአካል ጉዳተኞች የሚውል ልዩ ፈንድም አዲስ አበባ ላይ ባለሙያዎችን ሲያሠለጥን ኖሯል።

መሣሪያው የሚያሳየውን አይቶ ልምምዱን የሚለውጥ ባለሙያ ከሌለ ደግሞ ቍጥሩ ሥራ ፈት ነው። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ በአገራችን የፊዚዮቴራፒን ትምህርት በመጀመሪያ ዲግሪ በማስተማር ቀዳሚ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2017 ከካናዳው ኩዊንስ ዩኒቨርሲቲና ከማስተርካርድ ፋውንዴሽን ጋር በጀመረው ትብብር በተሐድሶ ሙያ ላይ ሥራውን አስፍቷል። ከዚያም ሆነ ከአዲስ አበባ የወጡት ባለሙያዎች ለአስመጪው ጥሩ አማካሪዎች ናቸው፤ ናሙናው መጀመሪያ መድረስ የሚገባውም በእነርሱ እጅ ነው።

ናሙናውን ለመፈተን ብዙ ወጪ አያስፈልግም። ፈቃደኛ በሆነ በሽተኛ ቤት አንድ ሳምንት ይቀመጥና፣ ስንት ቀን እንደ ታሰረ፣ በአንድ እጅ ብቻ መታሰር ይችል እንደ ሆነ፣ ልብስ ሲታጠብ ወልቆ ከዚያ በኋላ የታሰረ እንደ ሆነ፣ መብራት በጠፋበት ማታ ምን እንደ ሆነ፣ በቤቱ ውስጥም የሚያነበው ማን እንደ ነበረ ይጻፍ። በአንድ እጅ መታሰር የማይችል ማሰሪያ ለአንድ እጅ ሰው ቀርቦ ብዙ ጊዜ ታይቷል። ሣጥኑ ሲከፈትም በውስጡ ያለው መመሪያ በስንት ቋንቋ እንደ ተጻፈ ይቈጠር፤ ብዙውን ጊዜ ከ10 በላይ ነው፤ አማርኛ ግን ከመካከላቸው አይገኝም።